ከራያ ሜዳ በላይ የሚጋጩት ሟች ኮከብና ቀዝቃዛ ደመና

ከቆቦ በስተምዕራብ ባለው ደጋ የዘነበ ዝናብ ሜዳው ላይ የሚደርሰው ጎርፍ ሆኖ ነው። በሆርማትና በጎሊና አሸዋማ ወንዞች ቁልቁል ሲወርድ ያስፈራል፤ ወደ ማሳ ሲጠለፍ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ልቅ ሜዳ ካገኘ ይጋልባል። ክትር ከገጠመው ፍጥነቱን ያጣል፣ ያብጣል፣ በጎን መውጫ ይፈልጋል፣ የተሸከመውን ደለል እዚያው ይጥላል። የራያ ገበሬ ማሽላውን በጎርፍ የሚያለማው ይህን ጠባይ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው። ያው አንድ ጎርፍ አንዱን ማሳ ጠርጎ ሌላውን ያጠግባል፤ ውጤቱን የሚወስነው የገጠመው መሬት ነው።

ግዙፍ ኮከብ ፈንድቶ ፍርስራሹ በጠፈር ሲበተን የሚሆነውም ከዚህ አይርቅም። ፍንዳታው ባዶ ቦታ ካገኘ ይሮጣል፤ ጥቅጥቅ ያለ የጋዝ ደመና ከገጠመው ደግሞ ሌላ ታሪክ ይጀመራል። ደመናው ይደቆሳል፣ ይሞቃል፣ ያበራል፣ ኬሚስትሪው ይለወጣል። ከዚያ ግጭት የሚወጣው ጨረርም ላለፉት መቶ ዓመታት የፊዚክስ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ አንድ ትልቅ ጥያቄ እንዲመለስ ረድቷል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ግጭት ነው። ከቆቦ በስተምዕራብ በሰሜን ወሎ ተራሮች ላይ ቴሌስኮፕ ይቆማል ተብሎ ከተነገረ ዓመታት ስለተቆጠሩበት ጉዳይም ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ መጨረሻው ግልጽ ይሆናል።

ከተወለደበት ሳይርቅ የሚሞት

ኮከቦች የሚወለዱት የሞለኪውል ደመና በሚባል የጋዝና የአቧራ ክምችት ውስጥ ነው። ይህ ደመና ከዝናቡ ደመና ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም። አብዛኛው ሁለት ሁለት አቶም ሆኖ የተጣመረ ሃይድሮጅን ነው። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይሆናል። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከመቶ እስከ ብዙ ሺህ ሞለኪውል ይገኝበታል። ለእኛ ይህ ባዶ ነው፤ የምንተነፍሰው አየር በዚያው ስፍር ውስጥ ከ20 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ሞለኪውል አለው። በደመናዎቹ መካከል ያለው ጠፈር ግን በዚያው ስፍር አንድ አቶም፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ስለሚይዝ፣ በጠፈር ሚዛን ደመናው እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ይህ ቀዝቃዛ ሃይድሮጅን ራሱን አለማሳየቱ ነው። በዚያ ቅዝቃዜ ጨረር አያወጣም። ደመናው የተገኘው ከሃይድሮጅኑ ጋር ተቀላቅሎ በሚገኝ ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ በኩል ነው። ይህ ሞለኪውል 2.6 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው የሬዲዮ ሞገድ ያበራል። ሮበርት ዊልሰን፣ ኪት ጄፈርትስና አርኖ ፔንዚያስ ይህን ሞገድ ከጠፈር የያዙት እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰማዩ ካርታ ሌላ መልክ ያዘ፤ በዓይን ጥቁር ሆነው የሚታዩት የፍኖተ ሐሊብ ክፍሎች ባዶ ሳይሆኑ የተሞሉ መሆናቸው ታወቀ።

ከፀሐይ ስምንት እጥፍና ከዚያ በላይ የሚከብድ ኮከብ ዕድሜው አጭር ነው። ፀሐያችን ወደ 10 ቢሊዮን ዓመት ስትቆይ፣ እንዲህ ያለው ኮከብ ነዳጁን በጥቂት ሚሊዮን፣ ቢበዛ በጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመታት ይጨርሳል። ከተወለደበት ደመና ርቆ ለመሄድ ጊዜ የለውም። ሲሞት እምብርቱ ወደ ውስጥ ይደረመሳል፤ ውጫዊ አካሉ በሰከንድ እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይበተናል። የተበተነው አካል የሚሸከመው ጉልበት ፀሐይ በመላ ዕድሜዋ ከምታመነጨው ብርሃን ጋር ይቀራረባል። ይህ ፍንዳታ ሱፐርኖቫ፣ የሚተወው ፍርስራሽ ደግሞ የሱፐርኖቫ ቅሪት ይባላል። ከሱፐርኖቫ ቅሪቶች ብዙዎቹ ከሞለኪውል ደመና አጠገብ የሚገኙበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሟቹ ኮከብ ገና ሰፈሩን አልለቀቀም ነበር።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1181 የቻይናና የጃፓን ሰማይ ጠባቂዎች በካሲዮፒያ አካባቢ አዲስ ኮከብ አይተው ጽፈዋል፤ ቻይናውያኑ ለ185 ቀናት ተከታትለውታል። ብዙ ጸሐፍት የንጉሥ ላሊበላን ዘመነ መንግሥት የሚጀምሩት ከዚያው ዓመት ነው። ያ ፍንዳታ ያረጀና የተጨመቀ ነጭ ድንክ ኮከብ የፈነዳበት ዓይነት ስለነበር ታሪኩ ከደመና ጋር አይያያዝም። እዚህ የማነሳው ሰማዩ በላሊበላ ዘመንም እንዲህ ያለ ነገር ያሳይ እንደነበር ለማስታወስ ብቻ ነው።

በታኅሣሥ ሌሊት ከአናት በላይ

በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ቆቦ ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ገውዝን ከአናቱ ብዙም ሳይርቅ ያገኘዋል። ከገውዝ እግር አጠገብ፣ ከአናት ወደ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ያዘነበለ ቦታ ላይ፣ አይ ሲ 443 የሚባለው የሱፐርኖቫ ቅሪት አለ። ስፋቱ ከሙሉ ጨረቃ ይበልጣል። ብርሃኑ ግን እጅግ ደካማ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ርቀቱ 5,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ዕድሜው ላይ ስምምነት የለም፤ ከ3,000 እስከ 30,000 ዓመት የሚሉ ግምቶች አሉ።

ስለ ቅሪትና ደመና ግጭት ለመማር ከአይ ሲ 443 የተሻለ መምህር የለም ብዬ አምናለሁ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ፍንዳታው የገጠመው ቀለል ያለ የአቶም ጋዝ ነው። እዚያ ከፍንዳታው የተነሳው የግፊት ሞገድ ፈጣን ሆኖ ስለቀረ ጋዙ በሚታይ ብርሃን እንደ ቀጫጭን ክሮች ተዘርግቶ ያበራል። በደቡብ በኩል ደግሞ የሞለኪውል ደመና ተጋርጦበታል። እዚያ በሚታይ ብርሃን የሚገኘው ጥቂት ነው፤ በኢንፍራሬድና በሬዲዮ ሲታይ ግን የተደቆሰው ጋዝ ጠመዝማዛ ቀለበት ሠርቶ ይገኛል። አንድ ፍንዳታ ነው፤ የገጠመው ነገር ስለተለያየ ግን ሁለት መልክ ይዟል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የግፊት ሞገድ ወደ ደመና ሲገባ ፍጥነቱ የሚቀንሰው በጥግግቱ ልዩነት ካሬ ሥር ልክ ነው። ደመናው ከውጭው ጋዝ 1,000 እጥፍ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ፍጥነቱ 30 ጊዜ ያህል ይቀንሳል። ውጭ በሰከንድ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጓዝ የነበረው ሞገድ ውስጥ ሲገባ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ይህ መቀዛቀዝ ለሞለኪውሎቹ ሕይወት ነው። ሞገዱ በጣም ፈጣን ቢሆን ኖሮ ሰባብሯቸው ያልፍ ነበር። በዚህ ፍጥነት ግን ሳይሰበሩ እስከ 1,000 እና 2,000 ዲግሪ ይግላሉ። ቀዝቅዞ ዝም ብሎ የኖረው ሃይድሮጅንም ያን ጊዜ ማብራት ይጀምራል፤ 2.12 ማይክሮ ሜትር በሆነው የኢንፍራሬድ ብርሃን። በጸጥታው ዘመን ራሱን የደበቀው ጋዝ ሲመታ ይገለጣል።

ካርቦን ሞኖክሳይዱም ይመሰክራል። ባልተነካ ደመና ውስጥ የዚህ ሞለኪውል ሞገድ ጠባብ ነው፤ ጋዙ በሰከንድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚንቀሳቀስ። በአይ ሲ 443 ደቡባዊ ክፍል ግን ሞገዱ በብዙ አሥር ኪሎ ሜትር በሰከንድ ተለጥጦ ይገኛል። በሱፐርኖቫ ቅሪት ውስጥ የተመታ ካርቦን ሞኖክሳይድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እዚሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከዚያ በፊት ቅሪትና ደመና በአንድ አቅጣጫ ሲታዩ፣ ተነካክተዋል ወይስ አንዱ ከሌላው ሺህ የብርሃን ዓመት ርቆ ከኋላው ቆሟል የሚለውን መለየት አስቸጋሪ ነበር። የተለጠጠው ሞገድ ይህን ጥርጣሬ የሚቆርጥ ማስረጃ ሆነ።

ሁለተኛው ማስረጃ ከዚህም ይረቅቃል። ሃይድሮክሲል የሚባለው የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ሞለኪውል በ1,720 ሜጋ ኸርዝ ላይ ሜዘር ይፈጥራል፤ ሜዘር ማለት እንደ ሌዘር ተጠናክሮ የሚወጣ ማይክሮዌቭ ነው። ይህ የሚሆነው የጋዙ ጥግግትና ሙቀት በጠባብ ወሰን ውስጥ ሲገኙ ብቻ ነው፤ ጥግግቱ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ወደ 100,000 ሞለኪውል፣ ሙቀቱ ደግሞ ከፍጹም ዜሮ በላይ ከ50 እስከ 125 ዲግሪ። ይህን ሁኔታ በቅጡ የሚያሟላው ቀስ ያለ የግፊት ሞገድ ያለፈበት ደመና ነው። ዴል ፍሬይል፣ ሚለር ጎስና ቪያቼስላቭ ስሊሽ እ.ኤ.አ. በ1994 ደብሊው 28 የተባለውን ቅሪት መርምረው ሜዘሮቹ ደመናውና ቅሪቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ተደርድረው አገኟቸው። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ፍለጋዎች በፍኖተ ሐሊብ ካሉት ወደ 300 የሚጠጉ የታወቁ ቅሪቶች ከአሥሩ በአንዱ ያህል እንዲህ ያለ ሜዘር ተገኝቷል። ሜዘሩ በአካባቢው ያለውን የማግኔት ኃይል ሳይቀር ለመለካት ያስችላል።

የመቶ ዓመቱ ጥያቄ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ እ.ኤ.አ. በ1912 በባሉን ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ከፍታ ሲጨምር ጨረር እንደሚጨምር ለካ። ጨረሩ የሚመጣው ከላይ ነበር። ኮስሚክ ጨረር ይባላል፤ አብዛኛው ግን ብርሃን ሳይሆን ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጋ ፕሮቶን ነው። በዚህች ደቂቃም በእኔና በአንባቢዬ ሰውነት ውስጥ የእርሱ ውላጆች ያልፋሉ። ከየት ይመጣል? ዋልተር ባዴና ፍሪትዝ ዝዊኪ እ.ኤ.አ. በ1934 ከሱፐርኖቫ ነው ብለው ገመቱ። ኤንሪኮ ፌርሚ በ1949 ተንቀሳቃሽ የማግኔት መስኮች ቅንጣቶችን እንዴት ሊያፋጥኑ እንደሚችሉ አሳየ። ማረጋገጫው ግን ለአሥርት ዓመታት ጠፋ።

የጠፋበት ምክንያት ፕሮቶን ቻርጅ ያለው መሆኑ ነው። በጠፈር ያሉት የማግኔት መስኮች አቅጣጫውን ስለሚያጣምሙት ምድር ሲደርስ ከየት እንደተነሳ አያሳውቅም። ስለዚህ ፕሮቶኑ ገና ምንጩ አጠገብ እያለ መያዝ አለበት። ደመናው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በቅሪቱ የተፋጠነ ፕሮቶን ጥቅጥቅ ያለ ደመና ውስጥ ሲገባ ከጋዙ ኒውክሊየስ ጋር ይጋጫል፤ ከግጭቱ ፓዮን የሚባል ቅንጣት ይወለዳል፤ ቻርጅ የሌለው ፓዮን ወዲያው ወደ ሁለት ጋማ ጨረር ይለወጣል። ጋማ ጨረር በማግኔት ስለማይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ደመና የሌለበት ቅሪት ፕሮቶን ቢያፋጥንም የሚጋጩበት ነገር ጥቂት ነው። ደመና ያለበት ግን ምስጢሩን ያወጣል።

ችግሩ ኤሌክትሮንም ጋማ ጨረር ማመንጨት መቻሉ ነው። ሁለቱን የሚለየው ከ200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በታች ያለው ቅርጽ ነው፤ ከፓዮን የሚመጣው ጋማ ጨረር በዚያ ቦታ ላይ በድንገት ያሽቆለቁላል። የጣሊያኑ አጂሌ ሳተላይት ደብሊው 44 በተባለው ቅሪት ላይ የዚህን ምልክት ጭላንጭል እ.ኤ.አ. በ2011 አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2008 የመጠቀው ፌርሚ ቴሌስኮፕ ደግሞ የአራት ዓመት መረጃ አከማችቶ በየካቲት 2013 ውጤቱን አወጣ። አይ ሲ 443 እና ደብሊው 44 ሁለቱም ማሽቆልቆሉን በግልጽ አሳዩ። የሱፐርኖቫ ቅሪት ፕሮቶን እንደሚያፋጥን ከሄስ በረራ 101 ዓመት በኋላ በቀጥታ ተረጋገጠ። ሁለቱም ከሞለኪውል ደመና ጋር የሚጋጩ ቅሪቶች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

በዚህ ሥራ አፍሪካ ከዳር ቆማ አላየችም። በናሚቢያ ክሆማስ ከፍታ ላይ ያሉት የሄስ ቴሌስኮፖች፣ በዚያው በቪክቶር ሄስ ስም የተሰየሙት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 አር ኤክስ ጄ 1713 የተባለውን ቅሪት ቅርጽ በጋማ ጨረር ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዩ። ይህ ቅሪት ያለው አቅራብ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በደብሊው 28 ዙሪያ ይበልጥ የሚገርም ነገር አገኙ፤ ከቅሪቱ ወሰን ውጭ ያሉ ደመናዎች ሳይቀሩ በጋማ ጨረር ያበራሉ። ከቅሪቱ ያመለጡ ፕሮቶኖች ተጉዘው ጎረቤት ደመና ላይ ደርሰዋል ማለት ነው።

ያልተመለሰ ነገር ግን አለ። ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ የሚፋጠኑት ቅንጣቶች እስከ አንድ ሚሊዮን ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልትና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። ከደመና ጋር የሚጋጩት የአሥር ሺህ ዓመት ባለዕድሜ ቅሪቶች ያን ያህል ጉልበት የላቸውም፤ ዘመናቸው አልፏል። ሥራው በወጣትነታቸው ተሠርቶ አልቋል ወይስ ሌላ ምንጭ አለ የሚለው ክርክር ዛሬም ቀጥሏል።

ስለ ኮከብ መወለድ የሚባለውና የታየው

ሱፐርኖቫ ደመናን ጨምቆ አዲስ ኮከቦችን ያስወልዳል የሚለው አባባል በብዙ መጽሔት ላይ ይነበባል። ሐሳቡ ያምራል፤ ነገር ግን በአንድ ቅሪት ላይ ሲተገበር አልቀበለውም። ደመና ተሰብስቦ ኮከብ ለመሆን መቶ ሺዎች ዓመታት ይፈጅበታል። የአብዛኞቹ የምናያቸው ቅሪቶች ዕድሜ አሥር ሺዎች ዓመታት ነው። በአይ ሲ 443 አጠገብ የሚታዩ ጨቅላ ኮከቦች ከፍንዳታው በፊት የተጸነሱ ናቸው ቢባል ይሻላል።

ብዙ ፍንዳታዎች ተደራርበው በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ የሚሠሩት ግን ሌላ ነው። ፀሐያችን አሁን ያለችው ወደ 1,000 የብርሃን ዓመት በሚሰፋ፣ ጋዙ የሳሳ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ካትሪን ዙከርና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ይህ ቦታ ከ14 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ በ15 ገደማ ሱፐርኖቫዎች የተጠረገ ነው። የተጠረገው ጋዝ ዳር ላይ ተከማችቶ ደመና ሆነ፤ በአካባቢያችን ዛሬ ኮከብ የሚወለድባቸው ደመናዎች፣ የሰውሩን ጨምሮ፣ የሚገኙት በዚያ ዳርቻ ላይ ነው።

ከእነዚያ ፍንዳታዎች የተረፈ አመድ ምድር ላይ ተገኝቷል። ብረት-60 የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ብረት በ2.6 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ ምድር ስትፈጠር የነበረ ቢሆን ዛሬ ምንም አይቀርም ነበር። ሆኖም በጥልቅ ውቅያኖስ ወለል ዝቃጭ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዓመት ባስቆጠረ ንብርብር ላይ ይገኛል፤ ከጨረቃ በመጣው አፈር ውስጥም ተገኝቷል። ይህ ዘመን ከራያ ሜዳ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከዞብል ተራሮች ማዶ በአፋር ጎና፣ ቀደምት የሰው ዘሮች የ2.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸውን የድንጋይ መሣሪያዎች የጠረቡበት ዘመን ነው። የፈነዳ ኮከብ ትቢያ በዚያ ዘመን መሬት ላይ ይወርድ ነበር።

የላሊበላው ተራራ

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲቋቋም ለብዙ ሰው ቅዠት ይመስል ነበር። እነ ዶክተር ለገሠ ወትሮ አገሪቱ ሰማይን ማጥናት አለባት ብለው ሲሟገቱ፣ የሚመጣላቸው መልስ መጀመሪያ ዳቦ ይቅደም የሚል ነበር። ያም ሆኖ እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆሙ። ለግንባታው የዋለው ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በአብዛኛው የመጣው ከሼህ መሐመድ አል አሙዲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዶክተር ሰለሞን በላይ መሩት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና መጠቀች። ዛሬ ሥራው በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው።

እንጦጦ ግን የአዲስ አበባ መብራት የሚደርስበት ተራራ ነው። ይህ ገና ከጅምሩ ስለሚታወቅ እ.ኤ.አ. በ2015 እንጦጦ ሥራ ሲጀምር፣ ቀጣዩና የበለጠ ኃይል ያለው ቴሌስኮፕ ከከተማ ብርሃን ርቆ በላሊበላ አካባቢ ተራሮች እንደሚቆም በይፋ ተነግሯል። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይነሣል፤ ከቆቦ ወደ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ ላሊበላ ላይ ሲታይ የብዙ ሰው ዓይን ወደዚያ ዞሮ ነበር። ከዓመት በኋላ የሰሜኑ ጦርነት እዚያ ደረሰ። ቆቦም ላሊበላም ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደጋግመው ተመቱ፤ ከዚያ ወዲህም ሰላሙ አልጸናም። ይህን እስከምጽፍ ድረስ በዚያ ተራራ ላይ ታላቅ ቴሌስኮፕ አልቆመም።

ሰው እየሞተ ስለ ቴሌስኮፕ ማውራት ይከብዳል። ይህን አውቄ ነው የምጽፈው። ነገር ግን ሰላም ሲመጣ ምን እንደምንሠራ አሁን ካላሰብን፣ ዕቅዱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

እኔ የምለው ይህ ነው፤ ለግዙፍ መስታወት ገንዘብ እስኪገኝ ተራራውን አናስጠብቀው። ትንሽ የሚሊ ሜትር ሞገድ ሳህን እናቁምበት። የፍኖተ ሐሊብን ካርቦን ሞኖክሳይድ ከዳር እስከ ዳር ካርታ ያነሱት ግዙፍ መሣሪያዎች አልነበሩም። ፓትሪክ ታዴየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጣሪያ ላይ ያቆሙት ሳህን ስፋቱ 1.2 ሜትር ብቻ ነበር፤ በማንሃተን መሐል። የሰማዩን ደቡባዊ ክፍል ለማየት መንትያውን በ1982 ቺሌ ወሰዱ። የሁለቱ ድምር ካርታ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሞ ዛሬም ድረስ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። ሁለት ሳህን ያስፈለገው ከሰሜን አሜሪካ የደቡቡ ሰማይ፣ ከቺሌ ደግሞ የሰሜኑ ስለማይታይ ነው።

ከሰሜን ወሎ ግን ሁለቱም ይታያሉ። ቆቦና አቡነ ዮሴፍ ያሉት በ12 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው። የፍኖተ ሐሊብ ወገብ በሰማይ ላይ ከ63 ዲግሪ ሰሜን እስከ 63 ዲግሪ ደቡብ ይዘረጋል። ከዚህ ኬክሮስ ሙሉ ወገቡ፣ አንድም ክፍል ሳይቀር፣ በዓመቱ ውስጥ ከአድማስ በላይ ይወጣል፤ ደቡባዊ ጫፉ 15 ዲግሪ ያህል፣ ሰሜናዊ ጫፉ ወደ 39 ዲግሪ። ንስር ውስጥ ያለው ደብሊው 44 ከአናት 11 ዲግሪ ብቻ ዝቅ ይላል። ደብሊው 51 ሲ የተባለው ቅሪት ከአናት ላይ ይቆማል ማለት ይቻላል። ለጀርመን ተመልካች አድማስ ላይ የሚያቅማማው የቀውሱ ደብሊው 28 እኛ ጋ 55 ዲግሪ ይወጣል። ይህ ሀብት ነው፤ ያለ ምንም ወጪ የተሰጠን።

ችግሩንም አልደብቅም። የሚሊ ሜትር ሞገድ በአየር ውስጥ ባለ እርጥበት ይዋጣል። ደብሊው 28ም ሆነ ደብሊው 44 እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ የሚሉት በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ማለትም ክረምቱ ሲገባ ነው። ሬዲዮ ቀን ከሌሊት መሥራቱ ግን ያግዛል፤ በበጋ ወራት ፀሐይ ወጥታም ቢሆን መመልከት ይቻላል። ከ4,000 ሜትር በላይ ደግሞ የእርጥበቱ አብዛኛው ክፍል ከተመልካቹ በታች ይቀራል። በትክክል ስንት እንደሆነ የሚታወቀው በዓመት ውስጥ ወር በወር ሲለካ ነው። የእርጥበት መለኪያ ደግሞ ከቴሌስኮፕ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከዚያ በፊትም የሚሠራ አለ። የእንጦጦዎቹ ባለ አንድ ሜትር መስታወቶች የሃይድሮጅንንና የሰልፈርን ብርሃን የሚለዩ ሁለት ማጣሪያዎች ቢገጠሙላቸው የአይ ሲ 443ን ክሮች መለካት ይችላሉ። የሰልፈሩ ብርሃን የሃይድሮጅኑን 0.4 እጥፍ ሲያልፍ ጋዙ በግፊት ሞገድ የተመታ እንደሆነ ይወሰዳል፤ ይህ መለኪያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። አይ ሲ 443 ከፍ የሚለው በታኅሣሥና በጥር፣ በደረቁ ወራት ነው።

መረጃውም ዝግ አይደለም። የፌርሚ ቴሌስኮፕ የጋማ ጨረር መረጃ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለማንም ያለ ክፍያ ክፍት ነው፤ የመተንተኛው ፕሮግራምም እንዲሁ። ከቆቦ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ አንድ ላፕቶፕና አስተማማኝ ኢንተርኔት ቢኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለምን ያስደነቀውን የአይ ሲ 443 ማሽቆልቆል ራሱ ደግሞ ሊያወጣው ይችላል፤ ያውም በብዙ እጥፍ በበለጠ መረጃ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሁለት ተቋማት ነው። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት በላሊበላ ተራሮች የአየር እርጥበትና የሌሊት ጥራት ልኬት የሚጀመርበትን ቀን ይወስን፤ ውጤቱንም በየዓመቱ ለሕዝብ ያውጣ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለቀጣዩ ዓመት የፊዚክስ ተመራቂዎች ቢያንስ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ በአይ ሲ 443 የጋማ መረጃ ላይ እንዲሠራ ይመድብ። ለሁለተኛው ሥራ የውጭ ምንዛሪም ሆነ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።